ሳተላይቱ ዝናቡን በሐምሌ እያየ መድኃኒቱ ለምን በኅዳር ይደርሳል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። የምሠራው አማራ ክልል ውስጥ ባለ አንድ ቆላማ ወረዳ ነው። ሥራዬ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ የሚመጣውን ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት አሰባስቦ ወደ ዞን መላክ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ክረምቱ ምን ያህል እንደዘነበ፣ የመሬቱ ገጽ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ማሳውና ረግረጉ ምን ያህል ርጥበት እንደያዘ ሳተላይት ሳያቋርጥ ይለካል፤ መረጃውም በነፃ ይገኛል። ከዝናቡ እስከ በሽተኛው ያለው መንገድ ደግሞ አጭር አይደለም። ውሃው ይቋጥራል፤ ትንኟ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጩ አድጎ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ትንኟ ከታመመ ሰው ደም ከጠጣች በኋላ ተውሳኩ በውስጧ እስኪበስል ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። የተነከሰው ሰው ትኩሳት እስኪይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን በላይ ይሄዳል። ሲደማመር ከዝናቡ እስከ ጤና ጣቢያው ወረፋ አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለ። ይህ የዝግጅት ጊዜያችን ነበር።

የሙቀቱ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት በ25 ዲግሪ ሙቀት ትንኟ ውስጥ ለመብሰል 12 ቀን ያህል ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ ወደ 28 ቀን ይጠጋል፤ ከ16 ዲግሪ በታች አያድግም። አብዛኞቹ ትንኞች 28 ቀን አይኖሩም። ወይና ደጋው ላይ ጥቂት ዲግሪ ሲጨምር ወባን እምብዛም የማያውቅ ቀበሌ በአንዴ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ ሳተላይት ያየዋል።

ነገሩ በሕልም የሚወራ አይደለም። ኤፒዴሚያ የተባለ ሥርዓት እዚሁ ክልላችን ውስጥ ተሞክሯል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ የጤና ባለሙያዎች፣ የጤና፣ ልማትና ፀረ ወባ ማኅበር እንዲሁም በፕሮፌሰር ማይክል ዊምበርሊ የሚመራው የአሜሪካ ቡድን በናሳ ድጋፍ በ47 ወረዳዎች ሳምንታዊውን የሕሙማን ቁጥር ከሳተላይት መረጃ ጋር አጣምረው ለሚቀጥሉት ሳምንታት ትንበያ ያወጡ ነበር። ይህን ያህል እውቀት በእጃችን እያለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20፣ 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል።

የኔ አቋም፦ የጎደለን ትንበያው አይደለም። የጎደለን፣ ትንበያው ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተፈረመ ውል ነው። አይደለም የምትሉ አስረዱኝ።

ብዙ ምላሽ ስለመጣና አንዳንዱም ረጅም ስለነበረ፣ ዘግይተው ለገቡ አንባቢዎች ፍሬ ነገሩን በተራ ቁጥሩ አስቀምጣለሁ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ባሕር ዳር ካለ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። በትሕትና አመስግኖ በሐሳቡ እንደሚስማማ ገለጸ። ሰዎች ሳተላይት ሲባል ትንኝ ቆጥሮ የሚያመጣ ዕቃ እንደሚመስላቸው፣ ሳተላይቱ የሚያየው ግን ትንኟ የምትመቻትን ሁኔታ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የኤፒዴሚያ ጥንካሬውም የሰማዩንና የምድሩን መረጃ በአንድ ላይ ማስኬዱ እንደነበር ጨመረ፤ አንዱ ከተቋረጠ ሌላው ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም።

ምላሽ 2። ቀጥሎ የጻፉት የደምቢያ ተወላጅ የሆኑ አባት ናቸው። ገበሬው ይህን ሁሉ ያለ ሳተላይት ያውቀው እንደነበር፣ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራና ውሃው በከብት ኮቴ ውስጥ ሲቀር ንዳድ እንደሚመጣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲነገራቸው ማደጋቸውን አወሱ። ከዚያ የ1951ን ዘመን አነሡ። አዝመራው ደርሶ አጫጅ የጠፋበት፣ ሬሳ የሚሸከም ሰው ያጣ መንደር የነበረበት ዓመት ነበር ብለዋል። አባታቸው ከእነ ወንድሞቻቸው የተቀበሩት በዚያ ወቅት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ፤ እኛ በሰንጠረዥ የምናውቀውን እሳቸው በቤተሰባቸው ነው የሚያውቁት።

ምላሽ 3። አንድ ተማሪ በ1951 የተመዘገበ ወረርሽኝ ፈልጎ እንዳጣ ጻፈ። ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ወረርሽኙ እ.ኤ.አ. በ1958 ከሰኔ ወር ገደማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የቆየው ነው፤ በእኛ ከ1950 መጨረሻ እስከ 1951 መጀመሪያ ማለት ነው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የተመታው በአብዛኛው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሕዝብ ነበር፤ ምክንያት ተብሎ የተጻፈውም ከወትሮው የበዛ ዝናብ፣ ሙቀትና ርጥበት ነው። ተማሪው አባታችንን ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም በምርቃት መለሱለት።

ምላሽ 4። ሜሪላንድ የሚኖር የስታቲስቲክስ ሰው ለአባታችን በአክብሮት የሰጠው መልስ ለእኔ ከምላሾቹ ሁሉ አንዱ ምርጥ ነው። ወባ ከመስቀል በኋላ እንደሚመጣ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ የሚመጣው ካለፉት ዓመታት ይብስ እንደሆነ ማወቅ ግን ሌላ ነው። የትንበያው ሥራ ሁለተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ፣ ለእያንዳንዱ ሳምንት ባለፉት ዓመታት ምን ያህል ሰው እንደታመመ ይታይና ከዚያ ተነሥቶ የማስጠንቀቂያ መስመር ይሰመራል። 200 በሽተኛ ለአንዱ ወረዳ የተለመደ ሲሆን ለሌላው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የሆነውን ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ይህ ዓይነቱ ንጽጽር እንደሆነ፣ ወቅትን ማወቅ ብቻውን ያን ዓመት ከሌላው እንደማይለየው ገለጸ።

ምላሽ 5። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ከምዕራብ በኩል የጻፈ ነርስ ይህ ሁሉ ወሬ ቅንጦት እንደሆነ በምሬት ተናገረ። እሱ ባለበት ጤና ጣቢያ ፈጣን መመርመሪያው ካለቀ ሳምንታት ሆኖታል፤ ሰው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ፓራሲታሞል ይዞ ይመለሳል። ወባው እንደሚመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ የሚያስፈልገው ዕቃ እንጂ ካርታ አይደለም። በየስብሰባው ካርታ የሚያሳዩ ሰዎች አንድ ሌሊት ተረኛ ሆነው ቢያድሩ ምኞቱ ነው።

ምላሽ 6። አዲስ አበባ ያለ የካርታና የጂአይኤስ ባለሙያ በተመሳሳይ ቁጣ መለሰ፤ እንዲያውም ሳያነቡ የሚጽፉ ሰዎች መድረኩን እንደሚያበላሹት እስከማለት ሄደ። ይህን ባይጨምር ጥሩ ነበር። ከቁጣው ሥር ያለው ነገር ግን ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተወነጨፈው የአሜሪካና የጃፓን የዝናብ ሳተላይት ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ተጣምሮ በየግማሽ ሰዓቱ የዝናብ ግምት ይሰጣል፤ ለእኛ በነፃ ነው። የሀገራችን ሜትሮሎጂም ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ከሚሠሩበት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ጋር ሆኖ የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር ያዋሐደ መረጃ አዘጋጅቷል። ይህ የጠቀመው በተለይ የዝናብ መለኪያ ለሌለው ቆላ ነው። ስለዚህ አንድ ሣጥን መመርመሪያ ለትንበያ ሲባል እንደማይቀር፣ ወጪው አንድ ኮምፒውተርና የሠለጠነ ሰው እንደሆነ ተከራከረ።

ምላሽ 7። ሁለቱ ሲጋጩ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ። እህታችን ስለ ሳተላይቱ አንድም ቃል አልጻፈችም። የጻፈችው ስለ መዝገቡ ነው።

የሪፖርት ሳምንቱ ሰኞ ተጀምሮ እሑድ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ገልጣ ፋልሲፓረሙንና ቫይቫክስ የተባለውን ሌላውን የወባ ዓይነት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትንና ከዚያ በላይ ያሉትን ለይታ ትቆጥራለች። ኔትወርክ ከሌለ ጉብታው ላይ ወጥታ ደውላ ታስመዘግባለች። ደውላ ካልተሳካላት ግን በወረዳው ሰንጠረዥ ላይ የእሷ ሳጥን ባዶ ይቀራል፤ ባዶውን ሳጥን አንድ ሰው ዜሮ ብሎ ይሞላዋል። ዜሮ ማለት ፈልጌ አጣሁ ማለት ነው፤ ባዶ ማለት አልሰማንም ማለት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ወረርሽኝ የነበረበት ሳምንት የጤና ሳምንት ሆኖ ይመዘገባል።

ከዚህም የከፋ አለ። መመርመሪያ ሲያልቅ ተመርምሮ የተረጋገጠው በሽተኛ ቁጥር ይወርዳል፤ በወረቀቱ ላይ ወባው የጠፋ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያን ወረቀት እያነበበ ነው የሚማረው። ብዙ ዝናብ ዘንቦ ከስድስት ሳምንት በኋላ ወባ የለም ብለን ከነገርነው የሚቀጥለውን ዓመት እንዴት አድርጎ ይተነብያል? እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው። በምላሽ 5 ያለው የነርሱ ምሬትና በምላሽ 6 ያለው የባለሙያው ካርታ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ከእሷ በፊት ማናችንም አላየነውም። መመርመሪያ የሌለበት ጤና ጣቢያ በሽተኛውንም ያጣል፣ ትንበያውንም ያበላሻል።

ምላሽ 8 እና 9። ጅዳ የሚኖር ወንድም ጉዳዩን በትንኝ ተላልፎ ከብትንም ሰውንም ወደሚይዘው ወደ ስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ አረቢያና በየመን ሲነሣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም ከብት እንዳገደችና በሶማሌ ክልል ስንት ቤተሰብ እንደተጎዳ አስታወሰ። ከጅግጅጋ የጻፉ የእንስሳት ሐኪም በጉዳዩ ላይ ጠቃሚ ነገር ጨመሩ። ሳተላይትን ለበሽታ ትንበያ በመጠቀም በኩል በጣም የሚታወቀው ስኬት ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የናሳ ተመራማሪው አሳፍ አንያምባና ባልደረቦቻቸው የባሕሩን ሙቀት፣ ዝናቡንና የዕፅዋቱን ልምላሜ አይተው፣ ሰው መታመም ከመጀመሩ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ለምሥራቅ አፍሪካ አስጠንቅቀው ነበር። የተባለውም ሆነ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኬንያ ጋሪሳ ላይ በሽተኛ ተገኘ። ሐኪሙ አጥብቀው ያሳሰቡት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ የእንስሳቱ ክትባት ሰዎች ከታመሙ በኋላ ነው የተጀመረው። መነሻ ጽሑፉ ላይ ያልኩትን ከኬንያ ታሪክ አረጋገጡልኝ።

ምላሽ 10 እና 11። አንድ ወጣት የራሳችን ሳተላይት ለዚህ ለምን እንዳልዋለ ጠየቀ። የካርታው ባለሙያ (ቁጥር 6) በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ መለሰ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድሩን ምስል የምታነሣ ነበረች፤ ዝናብና የመሬት ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች አልነበሯትም። ለወባ የሚያስፈልገው ሙቀት በአብዛኛው የተወሰደው ቴራና አኳ ከተባሉት የናሳ ሳተላይቶች ነው፤ እነሱም አርጅተዋል፣ ሥራው ወደ ተተኪዎቻቸው እየዞረ ነው። በክረምት ደመና ሲሸፍን የሙቀት ልኬቱ እንደሚቋረጥም አልደበቀም።

ምላሽ 12 እና 13። ቡሬ አካባቢ የሠሩ የግብርና ባለሙያ ስለ በቆሎ ጻፉ። የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ውሃ ላይ ሲወድቅ ለትንኟ እጭ ምግብ ይሆናል፤ እጩ ቶሎ ያድጋል፣ የምትወጣውም ትንኝ ትልቅ ትሆናለች። ቡሬ ላይ የተደረገ ጥናትም በቆሎ በብዛት የሚዘራበት ቦታ ወባው እንደሚበዛ አሳይቷል። ሳተላይቱ ልምላሜን ቢያይም ለምለሙ በቆሎ ይሁን ጤፍ ካልለየ ግማሹን መረጃ እንዳጣ ይቆጠራል የሚል ሐሳብ አላቸው። የሚቀጥለው ጸሐፊ ግን ተቆጣ፦ ገበሬው በቆሎ እንዳይዘራ ልትከለክሉት ነው ወይ? ባለሙያው እንዲያ እንዳላሉ፣ ከቤቱ ደጃፍ ራቅ አድርጎ መዝራት ብቻ እንደሚበቃ ለማስረዳት ሞከሩ። ከዚያ ነገሩ ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ሄደ፤ እሱን እዘለዋለሁ።

ምላሽ 14። ድሬዳዋ ያለች የነፍሳት ጥናት ባለሙያ የሁላችንንም ሐሳብ የሚፈትን ነገር አመጣች። እስካሁን ያወራነው ሁሉ በዝናብ ውሃ ላይ ስለምትራባው የወባ ትንኝ፣ ስለ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገራችን የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ግን ከእስያ የመጣች የከተማ ትንኝ ናት። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶ ታንከር፣ ለግንባታ በተቋጠረ ውሃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በበጋ ሲነሣ አብራ የተገኘችው እሷ ናት። ዝናብ ሳይዘንብ የሚመጣን ወባ የዝናብ ሳተላይት አያስጠነቅቅም። እንዲያውም የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሰው ውሃ ስለሚያጠራቅም የውሃው ፈረቃ ሰሌዳ ከዝናብ ካርታው የተሻለ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ጠቆመች። ይህን አስተያየት እንደ ተቃውሞ አላየሁትም። ለቆላው ገጠር የሚሠራውን ለድሬዳዋ እንዳንሸጥ የሚያስጠነቅቅ እውነተኛ ወሰን ነው።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17። አንድ ሰው ይህችን ትንኝ ሆን ብለው የለቀቁብን የውጭ ሰዎች እንደሆኑና ሳተላይቱም ለስለላ እንደሚውል ጻፈ። የድሬዳዋዋ እህት አጭርና ቆራጥ መልስ ሰጠችው፦ ትንኟ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታይታ ነበር፤ በመርከብና በጭነት መምጣቷ ነው የሚታሰበው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው የቤቱን በር ለርጭት እንዳይከፍት ያደርጋል። ከዚያ ስድብ ተለዋወጡ። የመድረኩ አስተዳዳሪ 17ኛውን መልእክት አነሣው፤ ደግ አደረገ።

ምላሽ 18። መተማ የሠራ ሐኪም ሳተላይቱ ስለማያየው ሰው ጻፈ። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ከደጋው በየዓመቱ ብዙ ጎልማሳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያለ አጎበር ያድራል፤ ሲታመም አዝመራውን ትቶ ወይም ጨርሶ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ትንበያው ደጋው ቀዝቃዛ ነው፣ አያሰጋም ሲል በሽተኛው በአውቶቡስ ደርሷል። ሐኪሙ የሊቦ ከምከምንም ታሪክ አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያ ካላዛር የተባለው በሽታ ሲነሣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ያመጡትም ከቆላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አልቀሩም። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመረሬ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ስለምትገኝ፣ ለእሷም ከአፈርና ከዝናብ መረጃ የተሠራ የስጋት ካርታ አለ። ካርታው ትክክል ሆኖ ሳለ ወረርሽኙ የተነሣው ከካርታው ውጭ ነው።

ምላሽ 19። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ የምትኖር እህት የዊምበርሊ ቡድን እሷ በምትኖርበት ግዛት የዌስት ናይል ትኩሳትን በተመሳሳይ መንገድ ሲተነብይ እንደነበር ነገረችን። ልዩነቱ፣ እዚያ ከአየር ሁኔታው ሌላ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በወጥመድ እየተያዘች መመርመሯ ነው። እኛም ጋ በጥቂት ቀበሌዎች እንኳ እንዲህ ያለ ወጥመድ ቢኖር ለትንበያው ብርታት ይሆነው ነበር።

ምላሽ 20። ከዚህ በኋላ የመጣውን ማንም መመለስ አልቻለም። የጻፈው ሰው ስሙን አልገለጸም። ጦርነት ባለበት ቦታ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቆማል፣ ርጭት ይቀራል፣ ጤና ጣቢያው ይዘረፋል። ሳተላይቱ ዝናቡን ማየቱን አያቋርጥም፤ ከታች ያለው ሪፖርት ግን ለወራት ይጠፋል። ትንበያ የምታወሩት ለየትኛው ወረዳ ነው ሲል ጠየቀ። ቃሉ ስለታም ነበር፣ መሆንም ይገባዋል። የስታቲስቲክሱ ሰው (ቁጥር 4) ብቻ አንድ ነገር አለ፦ ሪፖርት በጠፋበት ቦታ የአየሩን ሁኔታ ብቻ ይዞ አደጋ ያለበትን አካባቢ መጠቆም ይቻላል፤ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፣ ግን መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል።

ምላሽ 21። የፋርማሲ ባለሙያዋ መልስ ለጥያቄዬ በቀጥታ የተሰጠ ነው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ በሚሞላ ቅጽ ነው። በቅጹ ላይ የሚጻፈው ባለፉት ሁለት ወራት የወጣው መድኃኒት ነው፤ የሚመጣውም በእሱ ስሌት ነው። አስቡት፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወባው ትንሽ ነበር፤ ስለዚህ ለመስከረምና ለጥቅምት ትንሽ ይመጣል። ወባው ጥቅምት ላይ ይፈነዳል፤ ብዙ መውጣቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ቅጽ ነው፤ ብዙው መድኃኒት የሚደርሰው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወባው እየበረደ ነው። ቅጹ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ ወደ ፊት የሚያይ አንድም ሳጥን የለውም። አስቸኳይ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነው። ትንበያ ለአስቸኳይ ጥያቄ በቂ ምክንያት ተደርጎ ቢጻፍ፣ መደርደሪያው ገና ሙሉ እያለ መጠየቅ ይቻል ነበር። በአርዕስቱ ላይ የጠየቅሁት ኅዳር ከየት እንደመጣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ምላሽ 22። የምላሽ 5 ነርስ ተመልሶ መጣ። በትንበያው አሁንም አላመነም። የፋርማሲ ባለሙያዋ የተናገረችው ቅጽ ግን በትክክል የእሱ ጤና ጣቢያ ችግር እንደሆነ ጽፎ፣ ትርፍ መጥቶ ጊዜው ቢያልፍበት ማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ፈለገ። ጥያቄው ከባድ ነው። ባዶ መደርደሪያ ማንንም አያስከስስም፤ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ግን በኦዲት ይጠየቅበታል። ሰው ሁሉ ትንሽ ወደመጠየቅ የሚያዘነብለው ለዚህ ነው።

ምላሽ 23። የራሴ ነው። ከሁላችሁ የሰማሁትን ይዤ ለወረዳችን የማቀርበውን ጻፍኩ። ትንበያው ለተከታታይ ሁለት ሳምንት ከማስጠንቀቂያው መስመር ካለፈ፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒትና መመርመሪያው ከወረዳው ወደ ተጠቆሙት ጤና ጣቢያዎች ይውጣ። ትንበያው ሳይሰምር ቀርቶ የተረፈው፣ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዲዛወር አስቀድሞ ይፈቀድ፤ ያዘዘውም ሰው አይጠየቅበት። ባዶ ሳጥንና ዜሮ በሰንጠረዡ ላይ በተለያየ ምልክት ይጻፉ። የመጨረሻውን ዛሬውኑ በራሴ ሥልጣን መጀመር እችላለሁ፤ ከዚህ ሳምንት ሪፖርት ጀምሮ ያልደወለው ጤና ኬላ አልደወለም ተብሎ ይጻፋል።

ምላሽ 24። የጤና ኤክስቴንሽን እህታችን አንድ ነገር አስጨመረችኝ። ማስጠንቀቂያው እስከ ወረዳ ደርሶ እዚያ እንዳይቀር ትፈልጋለች። ለእሷ ግራፍና ካርታ አይላክላት፤ በስልክ ተደውሎ የትኞቹ ጎጦች እንደሚያሰጉ፣ ስንት ሳምንት እንዳላት ይነገራት። ያን ካወቀች አጎበሩ ጣራ ላይ የተሰቀለበትንና ለእህል መቋጠሪያ የዋለበትን ቤት እየዞረች ማየት፣ ነፍሰ ጡሮቹን አስቀድማ ማግኘት፣ ኩሬውን በማኅበር ማስደፈን ትችላለች። አራተኛ ነጥብ አድርጌ አስገብቼዋለሁ። የፋርማሲ ባለሙያዋ የአስቸኳይ ጥያቄውን ቅጽ ልትልክልኝ ቃል ገብታለች፤ በሌላ ወረዳ ትንበያን በምክንያትነት ጽፎ መድኃኒት ያገኘ ሰው ካለ፣ ምን ብሎ እንደጻፈ እዚህ ሥር ያስቀምጥልን።